ሁለተኛው ጥሪ

ያን የክረምት ከሰዓት በኋላ ከግቢው በር ውጭ ቆሞ የነበረው ማን ነበር?

ጥያቄውን ብዙ ጊዜ አገላብጬ አይቼዋለሁ። መጽሐፍ ገልጬ መስመር ላይ ዓይኔን እንዳሳረፍኩ ይመጣብኛል፤ መልስ ግን እስከ ዛሬ የለኝም። ከእኔ ይበልጥ መልሱን የሚፈልጉት የድሮ አከራዬ እማማ አማረችም ሳያገኙት ሄዱ።

ማረፋቸውን የሰማሁት ሺንሺቾ፣ በምሠራበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ተማሪዎች የመለሷቸውን መጻሕፍት በየቦታቸው ሳስገባ ነው። በማግሥቱ ሆሳዕና ከተማ ለለቅሶ ደረስኩ። ድንኳኑ የተተከለው በፊት ተከራይቼ በኖርኩበት ግቢ ደጃፍ ነበር። መዝሙሩ ጋብ ሲል ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ።

«መጨረሻ ላይ እኮ ልባቸው ሄዶ ነበር» አለች አንደኛዋ።

«እንዴት?»

«ማንም ሳይጠራቸው አቤት ይላሉ። ነፋስ በሩን ሲነካው፣ አቤት! ፍየል ስትጮህ፣ አቤት! ልጆቹ መጫወቻ አደረጓቸው።»

«እርጅና ነዋ፣ ምን ይደረግ።»

እርጅና አልነበረም። ግን ድንኳን ውስጥ ምን ይባላል? ሻርፔን ወደ ፊቴ ሳብ አደረግሁ።

እማማ አማረችን የሚያውቅ ሁሉ ደንባቸውን ያውቃል፤ በአንድ ጥሪ አቤት አይሉም ነበር። ስማቸው ሲጠራ እጃቸው የያዘውን እንደያዘ ቀጥ ይላል። አንገታቸው ብቻ ወደ ድምፁ ዘንበል ይላል፤ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ሁለተኛው ጥሪ ካልመጣ ምንም እንዳልሰማ ሰው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ከተደገመ ግን «አቤት፣ መጣሁ!» ሲሉ መንደሩ ሁሉ የተጠራ ይመስለዋል። ቤት ፍለጋ የሄድኩ ቀን አንዴ ተጣርቼ፣ ሰው የለም ብዬ ልመለስ ስል አንዲት ጎረቤት ከአጥሯ በላይ ብቅ ብላ «ድገሚላቸው እንጂ!» ብላ ጮኸችልኝ።

ተላምደን ሳለን ምክንያቱን ጠየቅኳቸው።

«ሰው ከፈለገሽ ይደግማል» አሉኝ። «አንዴ ጠርቶ የሚያልፈው ሰው አይደለም። አቤት ካልሽው መንገድ ሰጠሽው ማለት ነው።»

«ሰው ካልሆነ ምንድን ነው?»

«አቤት ብዬው ስለማላውቅ አላውቀውም።»

ወንጌል አማኝ ነበሩ፤ ለደንባቸውም ጥቅስ አያጡም። «ሙሴ ሙሴ አለው። ሳሙኤል ሳሙኤል አለው። ማርታ ማርታ አላት። እግዜሩ እንኳ ሁለቴ ነው የሚጠራው። የናንተስ ቢሆን ከድጃ፣ መስጊድ ላይ የሚጠራው ሰውዬ ሁለት ሁለቴ አይደለም የሚለው? ቁጭ ብዬ ሰምቼዋለሁ።»

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አዛን ሰምቼ ይህን አስቤው አላውቅም ነበር።

ስለ ራሴ ብዙ የምለው የለኝም። የሱቅ ልጅ ነኝ። አባቴ ከጉራጌ መጥቶ ሆሳዕና ገበያ አጠገብ ሱቅ ከፈተ፤ ወንድሞቼ ሲማሩ እኔ ከባንኮኒው ኋላ ቆሜ ሚዛን ጠበቅሁ። ፊደል የቆጠርኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚያስመዘግቡበት ዕድሜ ነው። ስለዚህ የተጻፈ ነገር አሁንም ዝም ብዬ አላልፍም፤ ትክክል መሆኑን ሳላይ ገጽ አልገልጥም። እማማ አማረች ግቢ ስገባ ቀን አንድ ትምህርት ቤት እሠራለሁ፣ በርቀት ዲግሪዬን እማራለሁ። የቤት ሥራው የሚላከው በኢንተርኔት ነው። ተከራይቼ የገባሁባት ክፍል ደግሞ የስልክ ኢንተርኔት የማይዝባት ጓዳ ነበረች።

እማማ አማረች አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ታረቀኝ የሚባል። ከተማ ውስጥ ስልክ ይጠግን ነበር። እንደ ብዙ እኩዮቹ የደቡብ አፍሪካን መንገድ ተያያዘው። ከታንዛኒያ አንዴ ደወለ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። እኔ ስገባ ዝምታው ዓመት አልፎት ነበር። አንዳንድ ዘመድ «እርም እናውጣ» ማለት ጀምሯል። እሳቸው መልሳቸው አንድ ነው። «ሬሳ ያየ አለ? መርዶ ይዞ የመጣ አለ? እንግዲያው ቁጭ በሉና ሻይ ጠጡ።» በዚያ ቤት ውስጥ የሚበላውም የሚጠጣውም፣ የሚጸለየውም የሚታለመውም በዚህ አንድ ነገር ላይ የተንጠለጠለ ነበር፤ ታረቀኝ አለ ወይስ የለም?

ታረቀኝ ከመሄዱ በፊት ለእናቱ ዋይፋይ አስገብቶ ነበር። የመንደሩ ወጣት አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ እየተደረደረ ሲያስቸግር፣ ማሽኑ ስሙን ለማንም እንዳያሳይ አድርጎ ደበቀው። ለእናቱም «እማ፣ ስልኬ ይህን ቤት ያውቀዋል፤ ስመለስ እኔ በሩን ሳልነካ እሱ ቀድሞኝ ይገባል» አላቸው። እሳቸው ጽሕፈት የማያውቁ፣ ቁልፍ ያላት ትንሽ ስልክ የሚይዙ ሴት ናቸው። ዋይፋይ ለምንም አይጠቅማቸውም። ሆኖም ሳሎኑ መደርደሪያ ላይ በጥልፍ ጨርቅ ላይ አስቀምጠው፣ አረንጓዴ መብራቷ እንዳትጠፋ እንደ ሕፃን ይጠብቋት ነበር። ጓዳዋን ለእኔ ያከራዩኝም የዋይፋዩ ወርኃዊ ክፍያ እንዳይቋረጥ እንደሆነ ኋላ ገባኝ።

አንድ ቅዳሜ ላፕቶፔን ይዤ ሳሎን ገባሁ።

«እማማ አማረች፣ እማማ አማረች፣ ዋይፋዩን እዚህ ላይ ላስገባው?»

«አስገቢው እንጂ! ቁልፉ ያውልሽ» አሉና ታረቀኝ በስክሪብቶ ግድግዳው ላይ የጻፈውን ፓስወርድ አሳዩኝ።

ዝርዝሩን ከፈትኩ። የጎረቤቶቹ ዋይፋይ ሁሉ ስም ስሙን ይዞ ተሰልፏል። ከሁሉም ሥር ግን ስም የሌለው አንድ አለ፤ ጉልበቱ ከሁሉም የበረታ፣ አጠገቤ የቆመ። ስነካው ፓስወርድ ከመጠየቁ በፊት ስሙን ጠየቀኝ።

«ስሙ ማን ነው የሚባለው?» አልኳቸው።

«ስሙንማ እኔ አልጠራም።»

«ምነው?»

ሳቅ ቀደማቸው። «ያ ወስላታ የባሌን አባት ስም ነው ያወጣለት! ‹እማ፣ ሰው ቢለማመጥሽ ስሙን እንዳትነግሪ› አለኝ። ‹አልነግርም› አልኩት። ‹አውቃለሁ፣ ብትፈልጊም አትችዪም› ብሎ ስሙን ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ጆሮዬን ይዤ ከቤት ወጣሁ።»

ሰው ሁሉ ስሙን እያሳየ ቁልፉን ይደብቃል። በዚያ ቤት ቁልፉ ግድግዳ ላይ ተጽፎ ስሙ ነበር የተቆለፈው።

ከምባታ ውስጥ፣ በተለይ በእሳቸው ዕድሜ ባሉ ሴቶች ዘንድ፣ ባሊሻ የሚሉት ደንብ አለ። ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም፤ ስሙ በሚነሳበት ፊደል የሚጀምር ቃል ሁሉ ከአፏ አይወጣም፤ ምትክ ይፈለግለታል። እማማ አማረች ደንቡን ወደ አማርኛቸውም ይዘውት ተሻግረዋል። እኔ ነገሩን ቀድሜ አስተውዬዋለሁ፣ ምክንያቱን አላወቅሁም እንጂ። ዳቦ አይሉም፤ ፉርኖ ነው የሚሉት። ዳገት አይሉም፤ አቀበት ነው። ዳኛ በእሳቸው ቤት ፈራጅ ነው። ዳታ ሞላሁ ስላቸው «የስልክሽን ሞላሽ?» ይሉኛል። በንግግራቸው መሐል አንዲት ፊደል የምታህል ባዶ ቦታ ነበረች፤ ቃላቱ እየዞሩ ያልፏታል። ባዶ ሳትሆን ሰው የቆመባት እንደሆነች ያን ቀን ገባኝ።

«እርስዎ አማኝ አይደሉም እንዴ? ይህ የድሮ ነገር ነው» አልኳቸው።

«ጌታ ጥሪ አላለኝም፣ አትጥሪም አላለኝም። ባሌ ግን አትጥሪ ብሎኛል።»

በዚህ ተሸንፌ አልቀረሁም። የውሃ ደረሰኙ በሟች ባላቸው ስም ነው የሚመጣው፤ ከባላቸው ስም ቀጥሎ ደግሞ የአባትየው ስም አለ። እሱን ጻፍኩ። ማሽኑ ዝም አለ። እንደገና ጻፍኩ። ዝም።

እማማ አማረች ከኋላዬ ሆነው ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። «እሱማ የተጠመቀ ቀን ያገኘው ስም ነው! እሱን እኔም እጠራዋለሁ። ሳገባ ያልነበረ ስም አያስረኝም።»

«የድሮው የት ተጽፏል ታዲያ?»

ሳቃቸው ቆመ። «ድንጋዩ ላይ።»

«የቱ ድንጋይ?»

«የተኛበት።»

በሳምንቱ፣ የባላቸው አገር አንጋጫ ገበያ በሚቆምበት ቀን፣ በሚኒባስ ሄድን። ዋይፋይ ለማስገባት መቃብር ድረስ የሄደ ሰው ከእኔ በፊት ይኖር ይሆን? ከመንገዱ ወርደን በእንሰቱ መሐል በቀጭን መንገድ ተጓዝን። እሳቸው ከፊት ናቸው፤ ቅጠሉ ከራሳችን በላይ ተጋጥሞ ብርሃኑ አረንጓዴ ሆኗል። የእንሰቱ መሐል ጸጥታ ለብቻው ነው፤ የራስን እርምጃ እንኳ ይውጣል። የመቃብሩ ሲሚንቶ ሰማያዊ የተቀባ ሆኖ ቀለሙ ተላልጧል።

«እኔ ዞሬ እቆማለሁ» አሉኝ። «አንቺ በሆድሽ አንብቢ። ከንፈርሽ እንዳይነቃነቅ።»

ጀርባቸውን ሰጥተው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። በከምባትኛ ጥቂት ቃላት አንሾካሾኩ፤ ኋላ ስጠይቃቸው «ፈቃድ ጠየቅሁልሽ፤ ‹ልጅቷ ለትምህርቷ ነው፣ በከንቱ አትጠራህም› አልኩት» ብለውኛል።

በአማርኛ በትልቁ የተጻፈው የጥምቀት ስሙ ነው። ከሥሩ በከምባትኛ፣ በላቲን ፊደል፣ አነስ ብሎ የድሮው ስም አለ። እዚህ አልጽፈውም። ባሊሻ እኔን አያስረኝም፤ ቢሆንም ከዚያ ቀን ወዲህ እጄ አይታዘዝልኝም። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ ሳነሳ እማማ አማረች በድንገት ቀጥ አሉ። አንገታቸው ወደ እንሰቱ ዘነበለ። እኔ ምንም አልሰማሁም። ወፍም አልሰማሁም። ትንፋሻቸውን ይዘው ቆዩ፤ እኔም ሳላስበው የራሴን ይዤ ነበር።

ከዚያ ትከሻቸው ወረደ። «አንዴ ነው» አሉና መንገድ ጀመሩ።

ቤት እንደገባን ከድንጋዩ የወሰድኩትን ስም ፊደል በፊደል ጻፍኩ። ከሥሩ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች፤ ኔትወርኩ ስሙን ባያሳይም ተገናኝ የምትል። ምልክት አደረግሁባት። ቁልፉን ከግድግዳው ገለበጥኩ።

«ምን አለ?» አሉ ትከሻዬ ላይ ተደግፈው።

«ተገናኝቷል።»

«በስንት ጥሪ?»

«በአንድ።»

«በአንድ!» ከንፈራቸውን መጠጡ። «አየሽ፣ አልታረመም። ታረቀኝ ማሽኑን አሳደገው እንጂ አላረመውም። ማንም አንዴ ቢጠራው አቤት ይላል ማለት ነው።»

ይህን የመሰለ ነገር ሳይገባኝ መተው አልችልም። የዚያች ትንሽ ሳጥን ትርጉም ምን እንደሆነ ፈልጌ አነበብኩ። ስሙን የሚያሳይ ቤት ራሱ ‹እዚህ ነኝ› እያለ ይለፍፋል፤ ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ ይሰማና ያውቀዋል። የተደበቀ ቤት ግን ዝም ስለሚል መጣራቱ የኮምፒውተሩ ፋንታ ይሆናል። ኮምፒውተሩ ደግሞ የት እንዳለ አያውቅም። ስለዚህ በሄደበት ሁሉ፣ ቤተ መጻሕፍትም ሆነ ሚኒባስ ውስጥ፣ ስሙን እየጠራ ‹አለህ ወይ?› ይላል። እስኪመለስለት ይጠራል።

ይህን ነገርኳቸው። ባይነገራቸው ይሻል እንደነበር አላውቅም።

«ማለት የአማቴን ስም ገበያ መሐል ይጠራዋል?»

«በጆሮ የሚሰማ አይደለም እማማ። በአየር ነው።»

«አየር ጆሮ የለውም ያለሽ ማነው?» እጃቸው የሚፈለፍለው ባቄላ ላይ ቆመ። «የታረቀኝም ስልክ እንደዚያ ያደርጋል?»

«ካልሰረዘው ያደርጋል።»

«እዚያ ሩቅ ሆኖም?»

«የትም። ባትሪ እስካለው ድረስ» አልኩ፤ ትክክሉን ካልጨረስኩ ስለማይሆንልኝ።

«እሱስ ከቻርጁ ተለይቶ አያውቅም።» ባቄላውን ወደ ጎን አደረጉት። «ስለዚህ የአያቱን ስም እየጠራ ነው የሚሄደው። እዚያ ምድር ማን ይመልስለታል? እዚህ ብቻ ነው የሚመለስለት።»

ከዚያ ወዲህ የመብራቷ ነገር ባሰባቸው። መብራት ሲጠፋ የሚተካ ትልቅ ባትሪ ገዝተው አጠገቧ አስቀመጡ። ባትሪውም ካለቀ ወንበራቸውን አውጥተው የግቢው በር አጠገብ ይቀመጣሉ። «ማሽኑ ሲተኛ እኔ ልንቃ» ይላሉ። እኔ ከሥራ ስመለስ ላፕቶፔን ያዘለውን ቦርሳ አይተው «እንዴት ዋለ? ሲጣራ ዋለ?» ይሉኛል። እንደ ቀልድ ነበር የሚጠይቁት። ግን ቦርሳውን መሬት ላይ እንዳስቀምጠው አይፈቅዱም፤ ወንበር ይሰጡታል።

እንግዲህ ወደዚያ ከሰዓት በኋላ ልምጣ።

ነሐሴ ነበር፤ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ከጓዳዬ ሆኜ ጽሑፍ እልካለሁ፤ ኢንተርኔቱ ቀሰስ አለብኝ። ማሽኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ባለው አድራሻ ወደ ማሽኑ ገጽ እየገባሁ ከቤቱ ጋር የተገናኘውን ስልክና ኮምፒውተር ስም ማየት ለምጄ ነበር። ሁልጊዜ የማገኘው አንድ መስመር ነው፣ የእኔው ላፕቶፕ። ያን ቀን ሁለት ሆኖ አገኘሁት።

ሁለተኛው መስመር ላይ ‹ታረቀኝ› ይላል፣ በላቲን ፊደል።

ዝናቡ ያን ጊዜ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። አልጮህኩም፤ አልተነሳሁም። ገጹን አደስኩት፤ አለ። እንደገና አደስኩት፤ አለ። መጽሐፍ ላይ ስህተት ያገኘሁ ይመስል ፊደሉን አንድ በአንድ አነበብኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ሳድሰው የቀረው የእኔው መስመር ብቻ ነበር።

ያኔ ሮጥኩ።

እማማ አማረች በሩ ሥር፣ ከውስጥ በኩል፣ መቀርቀሪያውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ዝናቡ ራሳቸው ላይ ይወርዳል። አንገታቸው ዘንበል ብሏል። ያን አቋቋም አውቀዋለሁ።

«እማማ አማረች!» አልኩ።

አልመለሱም።

«እማማ አማረች!»

«አቤት» አሉ፤ ድምፃቸው ከእንቅልፍ እንደሚነሳ ሰው ነበር።

«ዝናብ ላይ ምን ይሠራሉ?»

«ልብስ ላስገባ ወጥቼ ነው።»

ገመዱ ላይ ልብስ አልነበረም። እጃቸውን ቀስ አድርጌ ከመቀርቀሪያው አላቀቅሁና በሩን ከፈትኩት። መንገዱ ላይ ማንም የለም። ጎርፉ ቀይ አፈር ይዞ ይወርዳል። ከታች፣ መታጠፊያው ላይ፣ ሸራውን የጋረደ ባጃጅ ሲዞር ያየሁ መሰለኝ፤ እርግጠኛ አይደለሁም። እርግጠኛ የሆንኩበት አንድ ነገር አለ። በራችን ላይ ትንሽ የቆርቆሮ ጥላ ነበረች፤ ከሥሯ ያለው ሲሚንቶ ደረቅ ነበር። ደረቁ ላይ ሁለት የጫማ እርጥበት፣ ጎን ለጎን። ጫፎቻቸው ወደ እኛ የዞሩ። የመጣበትንም የሄደበትንም ጎርፍ አጥቦታል፤ የቀረው የቆመበት ብቻ ነው።

«ማነው?» አሉ ከኋላዬ።

«ማንም የለም» አልኩ። እውነት ነበር። በሩን ዘጋሁት።

አልነገርኳቸውም። ምን ብዬ ልንገራቸው? ስልክ መጣ ማለት ሰው መጣ ማለት አይደለም። ስልክ ይሸጣል፣ ይሰረቃል፣ ከሞተ ሰው ኪስ ይወሰዳል። መንገደኛ ጓደኛ መርዶ ይዞ መጥቶ፣ በሩ ላይ ሲደርስ አንደበቱ ታስሮ ሊመለስ ይችላል። ራሱ ታረቀኝም ሊሆን ይችላል። እሱ ከሆነ ግን ለምን ይመለሳል? ለአንዲት እናት ‹ልጅሽ አለ› ወይም ‹ልጅሽ የለም› የሚለውን በአንዲት መስመር ማስረጃ መናገር አልቻልኩም። በየሱቁ በዘዴ ጠየቅሁ፤ እንግዳ ሰው ያየ አልነበረም። ያ መስመርም ተመልሶ አልመጣም።

እማማ አማረችም ከዚያ ቀን ወዲህ ተለወጡ። ስለ ማሽኑ መጠየቅ ተዉ። ወንበራቸው በሩ አጠገብ ቀረች፤ መብራት ኖረም ጠፋም እዚያው ናቸው። የሚያስጨንቃቸው ነገር እንዳለ አያለሁ፤ አልጠይቅም። እሳቸውም እኔን ሰርቀው ሲያዩኝ እይዛቸዋለሁ። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ሴቶች፣ አንዳችን ከሌላችን አንድ ነገር ደብቀን፣ ጨው እየተበዳደርን ኖርን።

ትምህርቴን ጨርሼ ሺንሺቾ ሥራ ያገኘሁ ጊዜ፣ ዕቃዬን ጠቅልዬ ልሰናበታቸው ወጣሁ። ፀሐያማ ጠዋት ነበር። እንደ ልማዳቸው በሩ አጠገብ ባቄላ ይፈለፍላሉ።

«እማማ አማረች፣ እማማ አማረች፣ ስሙን ከላፕቶፔ ልሰርዘው ነው። ሺንሺቾ ሄዶ በከንቱ እንዳይጣራ።»

«አትሰርዢው» አሉ። «የሚጠራው ይብዛ።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ገጹን፣ ሁለተኛውን መስመር፣ ሦስተኛ ሳድሰው መጥፋቱን፣ የጫማውን እርጥበት፤ አንድ ሳላስቀር፣ አንድ ሳልጨምር። ሲሰሙኝ ቀና አላሉም። ባቄላው ከጣታቸው አንድ አንድ እያለ ሰፌዱ ላይ መውደቁን ቀጠለ። ስጨርስ እጃቸው ቆመ።

«ዝናቡ ሲጀምር ነው ያየሽው? ወይስ ሲወርድ ከቆየ በኋላ?»

«ሲጀምር ነው።»

«ያን ጊዜ ተጠራሁ» አሉ።

ወደ እሳቸው ዞርኩ።

«‹እማ› አለ። ከበሩ ወዲያ። ቅርብ ነው፣ እንዲህ እንደ አንቺ ቅርብ። መጥቼ መቀርቀሪያውን ያዝኩት።»

«ድምፁስ? የሱ ነው?»

«ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የማን ድምፅ ይለያል? ሁለተኛውን ጠበቅሁ። ታረቀኝ ከሆነ ይደግማል አልኩ። እኔ ነኛ ያስተማርኩት፤ በሕፃንነቱ እንኳ ሁለቴ ነበር የሚያለቅሰው።» ሊስቁ ሞከሩ። «ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ። ከኋላዬ ‹እማማ አማረች› ስትዪ፣ እሱ መስሎኝ ነበር።»

«እማማ፣ የሚደግም ከሆነ እንግዲያው እሱ አልነበረም።»

«እንደዚያ ብዬ ነው እስከ ዛሬ የተኛሁት።» ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጡት። «ግን ከድጃ፣ ያ መንገድ ስንቱን ያስረሳል? ደንቡን አስረስቶት ቢሆንስ?»

ከግቢው ውጭ ሰው አለፈ፤ ጋሪ አለፈ። ወደ ሳሎኑ መስኮት፣ አረንጓዴዋ መብራት ወዳለችበት፣ ዓይናቸውን መለሱ።

«ቤቱ ግን መልሶለታል አልሽኝ?»

«መልሶለታል።»

«በአንድ ጥሪ?»

«በአንድ ጥሪ።»

«እንኳን ያልታረመ ሆነ» አሉ።

ያን ጊዜ ነፋስ መጣ። የበሩን ቆርቆሮ ነካ አድርጎ አለፈ፤ አንዴ ብቻ፣ ቀስ ብሎ። እማማ አማረች ትንፋሻቸውን አልያዙም። አንገታቸውን አላዘነበሉም። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው ተነሱና፣ መንደሩ ሁሉ እንዲሰማ፣

«አቤት!» አሉ።